ውሃው ጠራ

በወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ፣ ጎሕ ሲቀድ፣
ቦቲዬን አጥልቄ እወርዳለሁ በገደሉ መንገድ፤
ዌስት ቨርጂኒያ፣ ከስቲልትነሮች ሸለቆ፣
ጭጋጉ ገና ተኝቶ፣ በዛፎቹ ሥር ተደብቆ።
በጀርባዬ፦ አሥራ ሁለት ጠርሙስ፣ በረዶ፣ መለኪያ፣
እርሳስ (እስክሪብቶ በብርድ ይለግማል)፣ የቅጽ ማቀፊያ።

መጀመሪያ ከታች፣ ከጅረቱ።

አምና ብርቱካን ነበር፤ ድንጋዩ እንደ አሮጌ ጣሪያ
ዝጎ፤ ልጆች "የቆርቆሮ ወንዝ" ብለው አውጥተውለት መጠሪያ።
ኩባንያው ኖራ ጨመረበት፣ ኩሬ ቆፈረ፣
ዝገቱ ወደ ታች ሰከነ፣ መልኩ ተቀየረ፤
"ውሃው ጠራ!" አሉ፤ ከድልድዩ ላይ ፎቶ ተነሱ፣
የወረዳው ሹማምንት ኬክ ቆረሱ።

ጠራ። አልዋሹም። ጠጠሩን አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል።
የኔ ሥራ ግን ድንጋይ መገልበጥ ነው፤ ከሥሩ ማን አለ ይላል።
አንዱን ገለበጥኩ፣ ባዶ። ሌላውን፣ ባዶ። ሦስተኛውን።
ባለ ሦስት ጅራቷን፣ ከድንጋይ የምትጣበቀውን፣
ክንፍ አብቅላ ለአንድ ቀን የምትኖረውን ነፍሳት
"እዚህ በብዛት" ይላታል የድሮው መዝገብ፤
ዛሬ ድንጋዩ ንጹሕ ነው፣ እንደታጠበ ገበታ፣ ያለ ምግብ።

መለኪያውን ነከርኩት። ቁጥሩ ሽቅብ ሮጠ፣
ሺህ ስምንት መቶ አርባ ላይ ደርሶ ተቀመጠ።
ጨው ነው። ከተፈጨ ተራራ አጥንት የሚታጠብ ጨው፤
ዓይን አያየውም፤ ምላስም ዘግይቶ ነው የሚለየው።
ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤
ይኼኛው መሳቁንም ትቷል፤ አጎንብሶ ያልፋል።

ከዚያ ሽቅብ፣ ወደ ምንጩ።

ቨርዲ ስቲልትነር በሯ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች፤
ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ "ዘገየሽ" ትላለች።
ባሏ ሆባርት ሠላሳ አንድ ዓመት ከሰል ቆፍሯል፤
ጣሪያው፣ ምድጃው፣ የልጆቹ ትምህርት ከዚያ ወጥቷል።
"ማዕድኑን አትስደቢብኝ" ብላኛለች አንዴ፣
"እኔ ወጪት ሰባሪ አይደለሁም፣ ዘመዴ።"

ምንጩ ከጓሮዋ፣ ከድንጋይ ጎጆ ውስጥ ነው የሚፈልቀው፤
ስንተዋወቅ ስድሳ ነበር፤ በጸደይ ዘጠና። ዛሬ
መለኪያውን ሁለቴ አጠብኩት፤ ማመን ያቃተኝ እኔው።
ሦስት መቶ አሥር።
አልነገርኳትም ወዲያው።

"እጠጣዋለሁ ወይ?" አለች።

ቅጹ የሚጠይቀኝ ሙቀት ነው፣ ሰዓት፣ የሰማዩ ደመና፤
"ቤተ ሙከራው ይንገረን" አልኩ፤ የፈሪ መልስ ነውና።

ምንም ሳትል ወደ ምድር ቤት ወረደች፤
አንድ የማርማላታ ጠርሙስ በጉያዋ ይዛ ተመለሰች።
አፉ በሰም የታሸገ። በአናጢ እርሳስ፣ የሆባርት ጽሑፍ፦
"የምንጩ ውሃ። እሑድ። ፈንጂው ነገ ነው።"

"አያምናቸውም ነበር?" አልኳት።
"ደመወዛቸውን ያምን ነበር" አለች።
"ውሃውን ግን ለብቻው አስቀመጠው።"

ሰሙን በቢላ ጫፍ ላጠችው፤ ወርቁ ከሥሩ ነበር።
አንድ ጉንጭ ያህል ቀዳሁ፣ ለመለካት፣ ለመመስከር።
ሃምሳ ስምንት።
ያኔ የዛሬውን ነገርኳት።
ጠርሙሱን ከደነችው፤ ክዳኑን ሁለቴ አጥብቃ።

ዳኛ አይቀበለውም፣ አውቃለሁ፤ በረዶ ላይ አልቆየ፣
የተረካቢ ፊርማ የለው፤ ሲቀዳ ማንም አላየ።
በቅጼም ላይ "ከፈንጂው በፊት" የሚል ሳጥን የለም፤
ኅዳጉ ላይ ጻፍኩት። እርሳስ አይለግም።

ስመለስ ጅረቱ ከታች ያበራል፣ ጠጠሩ ይታያል፤
ድልድዩ ላይ አንድ አባት ለልጁ "አየህ፣ ጠራ" ይለዋል።

ጠራ፣ አዎ። ስንት ዘመን ሙሉ ጠራ።
ከሆባርት በቀር
አቤት ያለው የለም።